የገዛ ስሙን አስመስሎ የፈረመው ሰው

የሰለጠነ ሕዝብ የሚታወቀው ለወረቀት ባለው አክብሮት ነው። በዚህ ረገድ የኦሃዮዋ ትንሽ ከተማ ማርሎ ፎልስ ከማንም አታንስም፤ እንዲያውም ለሌሎች አርአያ ልትሆን የምትችል ናት። በማርሎ ፎልስ ሰው የጎረቤቱን ልጆች ስም ላያውቅ ይችላል። ጎረቤቱ የደበቀውን የቤዝቦል ካርድ ግን ከታተመበት ዓመት፣ ከቀለሙ ድምቀትና ከጠርዙ ስለት ጋር አንድ በአንድ ይዘረዝርልሃል። ካርድ ማለት ከመዳፍ የማይሰፋ ካርቶን ነው፤ ፊቱ ላይ ተጫዋቹ ቆብ ደፍቶ ይኮሳተራል፣ ጀርባው ላይ ውጤቱ በደቃቅ ፊደል ታትሟል። ድሮ ከማስቲካ ጋር በምርቃት ይሰጥ ነበር። ልጆቹም ማስቲካውን እያኘኩ ካርዱን በብስክሌት ጎማ ሽቦ መሃል ሰክተው እንደ ሞተር ያስጮኹት ነበር። ማስቲካውን ያኘኩት ጥርሶች ዛሬ በአብዛኛው ረግፈዋል። የካርዱ ዋጋ ግን ከወርቅ ጥርስ በልጧል።

ኦርቪል ስታንኮቪች ከነዚያ ልጆች አንዱ ነበር፤ ልዩነቱ ብስክሌት ያልነበረው መሆኑ ነው። ድህነት ለቅርስ ጥበቃ ያበረከተችው አስተዋጽኦ ገና በቅጡ አልተጠናም። በዘጠኝ ዓመቱ ከአንድ ማስቲካ ውስጥ የሮይ ቴትማንን ካርድ አወጣ። ቴትማን ያን ጊዜ ጀማሪ ኳስ ወርዋሪ ነበር፤ ኋላ ግን መቺዎቹ «ኳሱን ሰማነው እንጂ አላየነውም» እያሉ የሚምሉለት ታላቅ ሰው ሆነ። ኦርቪልም አደገ፣ የቤት ማሞቂያ ጠጋኝ ሆነ፣ አገባ፣ ልጆች ወልዶ ዳረ፣ ጡረታ ወጣ። ካርዱ በፕላስቲክ መያዣ ታሽጎ፣ ባለሙያዎች ከአሥር ዘጠኝ ሰጥተውት፣ በቁም ሣጥን ውስጥ ከሹራቦቹ ጋር ይኖር ነበር። እሑድ እሑድ ኦርቪል ነጭ የጥጥ ጓንት አጥልቆ ያወጣውና ያየዋል። ምንም አያደርገውም። አይቶ ይመልሰዋል።

«እኔን አንድ ቀን በጓንት ይዘኸኝ አታውቅም» ትለዋለች ሚስቱ ቬርና።

«አንቺ ከዘጠኝ በላይ ነሽ» ይላታል፤ እሷም ትስቃለች። እንዲህ ተሳስቀው ዓመታት አለፉ።

ከዚያ የቬርና ጉልበት አመፀ። የቤታቸው መታጠቢያ ክፍል ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ደግሞ ገደል። በቀን ውስጥ ሰው ስንት ጊዜ መታጠቢያ ቤት እንደሚሄድ የሚያውቀው ጉልበቱ ሲታመም ነው። ሐኪሙ «ደረጃ ይቅርብሽ» አላት። ኦርቪል አንድ ሳምንት አሰበ፣ ሁለት እሑድ ካርዱን ከወትሮው አስረዝሞ አየ፣ ከዚያ በገዛ አፉ «እሸጠዋለሁ፤ ምድር ቤት መታጠቢያ እንሠራልሻለን» አላት። ቬርና የሰማችውን ማመን አቅቷት መነጽሯን አወለቀች። ሰው ካርድ ለሚስቱ ጉልበት ሲል ሸጠ ሲባል በማርሎ ፎልስ ተሰምቶ አያውቅም።

እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ይህ ታሪክ የጨዋ ሰው ታሪክ ሆኖ ይቀር ነበር፤ የሚያነበውም አይገኝም ነበር። ደግነቱ ኦርቪል ወደ ገስ ካራስ ሱቅ ሄደ።

ገስ ካርድ ነጋዴ ነው። ካርዱን አገላብጦ አየ፣ በአፍንጫው ረዥም ትንፋሽ ለቀቀ።

«አሥራ ሁለት ሺህ ዶላር አሁን እቆጥርልሃለሁ» አለ። «ግን እኔ አንተን ብሆን አልሸጥም።»

«ለምን?»

«አልተፈረመበትማ! የቴትማን ፊርማ ቢያርፍበት አርባ ሺህ ይሄዳል።»

ኦርቪል ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ፊርማ ዋጋ ይጨምራል ማለት ነው?»

«ይጨምራል። ይቀንሳልም።»

«ሁለቱንም?»

«እንደ ፈራሚው ነዋ። ለለመነው ሁሉ የሚፈርም ደግ ሰው ከሆነ ፊርማው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ነው፤ ማንም አያነሳውም። ኩሩ፣ ኮስታራ፣ ሕፃን ገፍትሮ የሚያልፍ ከሆነ ውድ ነው። ከሞተ ደግሞ በጣም ውድ ነው።»

«ቴትማን ሞቷል እንዴ?»

«የለም፤ ግን ሰማንያ ዓመት አልፎታል። ጥሩ ተስፋ አለው።»

ገስ ቀጠለ። ቴትማን ሰው ፊት ፈርሞ አያውቅም። ካርዱን በፖስታ ትልክለታለህ፣ በሳምንት ተፈርሞ ይመጣል። ፊርማውም ፊርማ ነው! የመጀመሪያዋ ፊደል አንገቷን እንደ ሰጎን ትሰግጋለች፣ የመጨረሻዋ ጅራቷን ሦስት ጊዜ ትጠቀልላለች። ገስ ራሱ እንዲህ የተፈረመባቸው ካርዶች ነበሩት፤ መስኮቱ ላይ እንደ ሥዕለ አድኅኖ ደርድሯቸዋል።

«በፖስታ አልክም» አለ ኦርቪል። «መንገድ ላይ ቢጠፋስ? ደግሞ እሱ ራሱ መፈረሙን በምን አውቃለሁ? በዓይኔ ካላየሁ አላምንም።»

«ካገኘኸው ሂድ። ብቻ አደራህን ስምህን እንዳይጽፍበት። ‹ለወዳጄ ለኦርቪል› ካለ ግማሹ ዋጋ ገደል ገባ።»

«ወዳጄ ካለኝ ነው የሚቀንሰው?»

«ወዳጅነት ገበያ አያወጣም፣ ኦርቪል።»

ከዚያም ገስ፣ ካርዱ ማንም ያልነካው መሆኑ የተመሰከረበትን መያዣ፣ ካርዱ እንዲነካ ሲል በትንሽ መዶሻ ሰበረው። ዘጠኝ የሚለው ቁጥር ከፕላስቲኩ ጋር ቅርጫት ገባ። ኦርቪል አጥንቱ የተሰበረ ያህል ዓይኑን ጨፈነ።

ቬርና ወሬውን ስትሰማ፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለች። «የያዝከውን ሽጠህ ከዚህ ደረጃ ገላግለኝ፣ አንተ ሰውዬ።»

«አንድ ወር ብቻ ታገሺኝ። የገላ መታጠቢያ ገንዳ ያለው እሠራልሻለሁ። እጀታ ያለው።»

ገንዳ የሚለው ቃል አሸነፋት። ቴትማን በሚኖርበት ቤልደን በሚባለው መንደር የአክስቷ ልጅ ነበረች፤ ከቴትማን ሚስት ከወይዘሮ ፐርል ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ናቸው። ስልክ ተደወለ፣ ተለመነ፣ ተፈቀደ። ቬርና የቼሪ ፓይ ጋግራ፣ ኦርቪል ካርዱን ደረቱ ላይ ታቅፎ ሄዱ።

ታላቁን ሰው ያገኙት ጓሮው ውስጥ ከሽኮኮ ጋር ሲጣላ ነበር። ለወፎች የሰቀለውን ጥሬ ሽኮኮው ይበላበታል። ቴትማን የድንች ቁራጭ አንስቶ ወረወረ። ሳተ።

«ድሮ ቢሆን አንገቱን ነበር» አለና እንግዶቹን አያቸው። «ግቡ፣ ግቡ። ይሄ ፓይ ነው? ፐርል! ፓይ ይዘው መጥተዋል!»

ኩሩም ኮስታራም አልነበረም። ይህ ኦርቪልን ትንሽ ከዋጋው አንፃር አሳሰበው። ማድ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ፤ ወይዘሮ ፐርል ሎሚናት ቀዳች፤ ኦርቪል ጓንቱን አጠለቀ።

«እጅህን ታመሃል እንዴ?» አለው ቴትማን።

«አይ ጌታዬ፣ ለካርዱ ነው።»

ቴትማን ካርዱን አየ፣ ወጣቱን ራሱን አየና፣ «ይህን ቆብ ሰረቁኝ» አለ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞር ብሎ አያት። ወይዘሮ ፐርል ጉሮሮዋን ጠረገች።

«በፖስታ ይሻላል፣ ወንድሜ» አለችው ኦርቪልን። «እዚሁ ተወው፤ በሳምንት ይደርስሃል። ተረጋግቶ ነው የሚፈርመው።»

«የለም፣ የለም፤ በዓይኔ ማየት ነው የምፈልገው።»

«ይሁን» አለ ቴትማን ማርከሩን እያነሳ። «ስምህን ማን ልበል?»

«ስም አያስፈልግም!» ኦርቪል ከመቀመጫው ዘለለ።

«ስምህን ካልጻፍኩ ያንተ መሆኑ በምን ይታወቃል?»

«የኔ መሆኑ ባይታወቅ ነው የሚሻለው።»

«ሊሸጠው ስለሆነ ነው» አለች ቬርና፣ ውሸት የማትወድ ሴት ስለነበረች። «ለጉልበቴ ነው፤ ምድር ቤት መታጠቢያ ልንሠራ።»

ኦርቪል በጓንቱ ፊቱን ሸፈነ። ቴትማን ግን ከልቡ ሳቀ። «ሃያ ዓመት ኳስ ወረወርኩ» አለ፣ «አንድም ሰው መታጠቢያ ቤት አልሠራበትም። አምጣው!»

ምላሱን ከጥርሱ ውጭ አድርጎ፣ ክርኑን ዘርግቶ፣ እያቃሰተ ፈረመ። ቬርና በስልኳ ቀረጸችው። ሲጨርስ ካርዱ ላይ ያረፈው ነገር ከቀለም ጠርሙስ ያመለጠች ጉንዳን የሄደችበት መንገድ ይመስል ነበር። የሰጎን አንገት የለም። ጅራቷም አልተጠቀለለችም፤ ጭራሽ ጅራት የለም።

«የሚያምር ነው፤ አይደል?» አለ ኦርቪል በመኪና ሲመለሱ፣ ከሦስተኛው የትራፊክ መብራት በኋላ።

«ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው» አለች ቬርና። «ግን የሰውየው ነው። አይተናል።»

ማየት ግን ማስረጃ አይደለም፤ ይህ የኋላ ቀር ሕዝቦች አመለካከት ነው። የሰለጠነ ሕዝብ ተቋም አለው። በኮሎምበስ ከተማ ሆቴል አዳራሽ ቅዳሜ በሚውለው የካርድ ባዛር ላይ የመካከለኛው ምዕራብ የፊርማ መርማሪና አጽዳቂ ተቋም ጠረጴዛ ዘርግቶ ይቀመጥ ነበር። ከጠረጴዛው ኋላ ሚስተር ፕሬስኮት ነበሩ። ሚስተር ፕሬስኮት ሃያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ነጭ ጋውን ይለብሳሉ፤ ከዚህ በፊት ምንጣፍ ይሸጡ ነበር የሚሉ ምቀኞች አሉ፤ ነገር ግን ምንጣፍም ቢሆን ዓይን ይፈልጋል። ካርዱን በአጉሊ መነጽር አዩ፣ በሰማያዊ መብራት አዩ፣ አሸተቱት። ከዚያም እንዲህ አሉ፤

«ተቋማችን የቀረበለትን ናሙና በገበያው ከተረጋገጡ አያሌ ናሙናዎች ጋር በጥልቀት ካመሳከረ በኋላ፣ ፊርማው የባለፊርማው አለመሆኑን በአጽንዖት ይገልጻል።»

«ምን ማለት ነው?»

«ሐሰት ነው ማለት ነው።»

«ፊታችን ነው የፈረመው! ቪዲዮ አለኝ!» አለች ቬርና ስልኳን ዘርግታ፤ በስልኩ ውስጥ ቴትማን ምላሱን አውጥቶ ይፈርማል።

ሚስተር ፕሬስኮት በትሕትና ተመለከቱ። «ቪዲዮ ሊዋሽ ይችላል፣ እመቤቴ። ፊርማ አይዋሽም።»

«ይደውሉለትና ይጠይቁት እንግዲህ! ሰውየው በሕይወት አለ!»

«ባለፊርማው በራሱ ፊርማ ላይ ምስክርነት መስጠት አይችልም። የጥቅም ግጭት አለበት።»

ገስ ካራስ ከጎን ሆኖ ሲሰማ ነበር። ካርዱን ተቀብሎ አየና መለሰው። «በሐሰት ፊርማ የተበላሸ ካርድ… አርባ ዶላር። ያውም ለአንተ ብዬ።»

ያን ምሽት ቬርና አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። «ደክሞኛል» ብላ ወደ ፎቅ መውጣት ጀመረች። ኦርቪል ከታች ሆኖ እያዳመጠ ነበር፤ ደረጃው አንድ ጊዜ ጮኸ፣ ሌላ ጊዜ ጮኸ፣ ከዚያ መሃል ላይ ዝም አለ። መደገፊያውን ይዛ ቆማ እያረፈች ነው። ሊያግዛት ተነሣ፤ ግን በምን ዓይኑ? ቆሞ ቀረ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያ ካርድ ያኔ ከእጁ ወጥቶ እንደ ሌሎቹ ልጆች ካርድ ጎማ ውስጥ በገባ ኖሮ ብሎ ተመኘ።

በማግስቱ ለቴትማን ደወለ። ሊወቅሰው ነበር፤ ግን ሽማግሌው ከሱ ብሶ ተናደደ።

«ማነው እኔ አይደለሁም ያለው?»

«ተቋሙ።»

«ተቋሙ እኔን ከየት ያውቀኛል?»

«በናሙና።»

በስልኩ ውስጥ ከኋላ የወይዘሮ ፐርል ድምፅ «ሮይ፣ ተወው ይቅርብህ» ሲል ተሰማ። «አልተውም!» አለ ቴትማን። «ቀጣዩ ባዛር መቼ ነው?»

ሮይ ቴትማን አዳራሽ ሲገባ ባዛሩ ቀጥ አለ። ካርዱን ከልጅነታቸው ጀምሮ የያዙ፣ ሰውየውን ግን አይተውት የማያውቁ ወንዶች ለሁለት ተከፍለው መንገድ ሰጡት። ወይዘሮ ፐርል ቦርሳዋን ታቅፋ ከኋላው፣ ኦርቪልና ቬርና ከሷ ኋላ ሆነው እስከ ጠረጴዛው ዘለቁ።

«ሮይ ቴትማን እባላለሁ» አለ ሽማግሌው። «ወረቀት ስጠኝ።»

ፈረመ። ሚስተር ፕሬስኮት አጉሊ መነጽራቸውን አነሡ፣ ብዙ ጊዜ ወሰዱ፣ ከዚያ ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ።

«ጥሩ ሙከራ ነው። የመጀመሪያዋ ፊደል ግን አንገት የላትም።»

«እኔ ነኝ እኮ የምልህ! ይኸው መንጃ ፈቃዴ! እሱም ላይ ፈርሜያለሁ!»

ሚስተር ፕሬስኮት መንጃ ፈቃዱን አዩ። «ይህም ሐሰት ነው። ያወጣልዎት መሥሪያ ቤት የተቋማችን አባል አይደለም።»

«ልጄ፣ እኔ ቴትማን አይደለሁም ነው የምትለው?»

«ጌታዬ፣ ማንነትዎን ማንም አልተጠራጠረም። ቴትማን ነዎት፤ ደስ ብሎናል። ፊርማዎ ነው ቴትማንን የማይመስለው።»

የሽማግሌው አንገት ቀላ። ያ አንድ ዘመን ሙሉ ስታዲየም ያስጮኸ ክንድ መንጃ ፈቃዱን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ወደ ኪሱ መለሰ። ኦርቪል አየው፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ካርዱን ረሳው። «ይሄ ነውር ነው!» ብሎ ጮኸ። «ሰውየው ሁለት ሰዓት ነድቶ መጥቶ የገዛ ስሙን ሲጽፍ ሌባ ይባላል?»

ያን ጊዜ ወይዘሮ ፐርል ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። ቦርሳዋን ከፈተች፣ የገዛ እስክሪብቶዋን አወጣች፣ ከጠረጴዛው ላይ ናፕኪን ስባ በአንድ ትንፋሽ ጻፈች። ሚስተር ፕሬስኮት ናፕኪኑን ሲያዩ ዓይናቸው በራ። የሰጎኗ አንገት ተሰግጓል። ጅራቷ ሦስት ጊዜ ተጠቅልላለች።

«ይህ ነው!» አሉ። «ይህ ያለ አንዳች ጥርጥር እውነተኛው የሮይ ቴትማን ፊርማ ነው!»

«አዎ» አለች ወይዘሮ ፐርል። «ከተጋባን ጊዜ ጀምሮ እኔ ነኝ የምፈርመው። እሱ እስክሪብቶ መያዝ አይወድም። ደብዳቤው ደግሞ በጆንያ ነበር የሚመጣው፤ ልጆች ናቸው የላኩት፤ ሳይመለስላቸው ቢቀር አሳዘኑኝ።»

 በአዳራሹ ያለ እያንዳንዱ ወንድ እቤቱ ያለውን ካርድ አሰበ። ገስ ካራስ የሱቁን መስኮት አሰበ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ሁሉም እውነቱን አውቆታል፤ ስለዚህም ሁሉም በአንድ ድምፅ ካደው።

«ውሸቷን ነው!» አለ ገስ መጀመሪያ።

«ባሏን ለማዳን ነው!» አለ ሌላው።

«አሮጊቷ ከፊርማው ላይ አጥንታ ነው!»

ሚስተር ፕሬስኮት እጃቸውን አነሡ። «ክቡራንና ክቡራት! ተቋማችን ፊርማን ይመረምራል እንጂ ትዳርን አይመረምርም። ትክክለኛ ማለት ሰው የፈረመው ሳይሆን ገበያው የተቀበለው ነው። ናፕኪኑ ትክክለኛ ነው። የኚህ አባት ፊርማ ግን ሐሰተኛ ነው። ሐሰተኛ ፊርማ በአዳራሹ ውስጥ መፈረም ደግሞ በደንባችን የተከለከለ ስለሆነ፣ ለራሳቸው ክብር ሲባል ወደ ውጭ እንዲሸኙ ይሁን።»

ሁለት ጥበቃዎች መጡ። ሮይ ቴትማን የሮይ ቴትማንን ስም አስመስለሃል ተብሎ በክብር ተሸኘ። አንደኛው ጥበቃ በር ላይ ሲደርሱ ቀስ ብሎ፣ «አባቴ በጣም ነበር የሚወድዎት፤ ይፈርሙልኝ ይሆን?» አለው። «ሚስቴን ጠይቃት» አለ ቴትማን።

በዚህ መሃል ቬርና ካርዱን ከኦርቪል እጅ፣ ከጓንቱ መሃል፣ መዝዛ ለወይዘሮ ፐርል ሰጠቻት። «ከታች በኩል ይፈርሙበት።»

«ቬርና!» አለ ኦርቪል። «ይሄ እኮ ሐሰት ነው!»

«ጉልበቴ ግን እውነት ነው» አለች ቬርና።

ወይዘሮ ፐርል ሁለቱንም አየች፣ ፈገግ አለች፣ ፈረመች። ተቋሙም ወዲያው በወርቃማ ማኅተም አጸደቀው፤ ‹ካርዱ ሁለት ፊርማዎች ያሉበት ሲሆን፣ የላይኛው ሐሰተኛ፣ የታችኛው እውነተኛ መሆኑ ተረጋግጧል› ይላል ወረቀቱ። ከቶሌዶ የመጣ አንድ የጥርስ ሐኪም እዚያው አሥራ አምስት ሺህ ሰጠው፤ የላይኛው ባያበላሸው ኖሮ አርባ ይሰጥ ነበር።

ኦርቪል ሕሊና ነበረውና ሐኪሙን ወደ ጥግ ወሰደው። «ስማኝ፣ ወንድሜ። የታችኛው የሚስቱ ነው። የሱ ራሱ የላይኛው ነው። ሲፈርም ፊቱ ነበርኩ። ካልፈለግከው ገንዘብህን ልመልስልህ።»

ሐኪሙ በደግነት ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ወረቀቱን አንብቤዋለሁ፣ አባባ» አለ።

እንዲህ ሆኖ መታጠቢያው ተሠራ። ገንዳ አለው፤ እጀታም አለው። ቬርና ገብታ በወጣች ቁጥር ትዘፍናለች፤ ኦርቪል እሑድ እሑድ ጓንቱን አጥልቆ ቧንቧውን ይወለውላል፤ ሌላ የሚያየው ነገር የለማ።

ነገሩ ግን ለጋዜጣ ደረሰ። የወይዘሮ ፐርል ፎቶ ከነእስክሪብቶዋ ወጣ። በማርሎ ፎልስ ያሉ ወንዶች ሁሉ ካርዳቸው ዋጋ አጥቶ እስኪወድቅ ቁጭ ብለው ጠበቁ። አልወደቀም። ወጣ! ‹ፍቅር የፈረመው ፊርማ› ተባለ። ሚስተር ፕሬስኮት መግለጫ ሰጡ፤ «ተቋማችን ፊርማው እውነተኛ ነው አለ እንጂ የማን ነው ብሎ አያውቅም» አሉ። የጥርስ ሐኪሙም ባልና ሚስት አብረው የፈረሙበት በዓለም ላይ አንድ ብቻ የሆነ ካርድ ባለቤት መሆኑ ታወቀና፣ ቤት በሚገዛ ዋጋ ሸጠው። ገስ ይህን ሊነግረው ወደ ኦርቪል ቤት ሲመጣ፣ ኦርቪል እስኪጨርስ አዳመጠና፣ «ና ገንዳውን እይልኝ» አለው።

ከዚያ በኋላ ሕዝቡ በሮይ ስም መፈረሟ አልበቃውም። ‹ፐርል ቴትማን› ብላ በራሷ ስም እንድትፈርም ከየስቴቱ ደብዳቤ ጎረፈ። ተቋሙ የወይዘሮ ፐርልን ፊርማ ብቻ የሚመረምር ልዩ ክፍል አቋቋመ፤ ሚስተር ፕሬስኮትም የክፍሉ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ።

ቅጠል መርገፍ በጀመረበት ሰሞን ኦርቪልና ቬርና ቴትማኖችን ሊጠይቁ ወደ ቤልደን ሄዱ፤ ወዳጅ ሆነው ነበር። ወይዘሮ ፐርል ቤት የለችም። ሮይ ማድ ቤት ጠረጴዛ ላይ የካርድ ክምር ከፊቱ አድርጎ፣ ምላሱን ከጥርሱ ውጭ አውጥቶ፣ ክርኑን ዘርግቶ እያቃሰተ ይጽፋል።

«ፐርልስ?» አለች ቬርና።

«ክሊቭላንድ ሄዳለች። ስለ እውነተኛነት ንግግር እንድታደርግ ጋብዘዋት። ጊዜ የላትም፤ ደብዳቤው ደግሞ በጆንያ ነው የሚመጣው። ልጆች ናቸው የሚልኩት፤ አሳዘኑኝ።»

ኦርቪል ጎንበስ ብሎ አየ። ካርዱ ላይ ከቀለም ጠርሙስ ያመለጠች ጉንዳን፣ እየተንገዳገደች፣ ‹ፐርል ቴትማን› ብላ ጽፋለች።

«ሮይ» አለ ኦርቪል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህን… ተቋሙ ያጸድቀዋል?»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ የምልከው ይኼን ነው፤ ሁሉንም አጽድቋል» አለ ሮይ ማርከሩን እየነቀነቀ። «አንዱን ብቻ ሐሰት ነው ብሎ መለሰብን።»

«የትኛውን?»

«ባለፈው ሳምንት እሷ ራሷ የፈረመችውን።»